ኢንቨርተር የሚመረጠው ለሐምሌ ነው

ሃይብሪድ ኢንቨርተር ከፀሐይ ፓኔል፣ ከባትሪና ከቆጣሪ የሚመጣውን ኃይል አንድ ላይ ተቀብሎ ለቤቱ 220 ቮልት የሚሰጥ ዕቃ ነው። ገዢ ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚነገረው ስንት ኪሎዋት እንደሚችል ነው። ጎጃም ውስጥ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ቤት ላለው ሰው ግን ኪሎዋቱ መጨረሻ ላይ ቢጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ። በበጋው ፀሐይ ሁሉም ኢንቨርተር ጎበዝ ነው። የሚለየው ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ፣ ሰማዩ ተዘግቶ ሲውልና መብራቱም በዝናብና በነጎድጓድ ሰበብ ሲጠፋ ነው። ለዚህ ወቅት ደግሞ ወሳኙ ኢንቨርተሩ የሚሰጠው ሳይሆን ራሱ የሚበላው ነው። ባለ 5 ኪሎዋት የሆነ ዕቃ ምንም ሳይሰካበት፣ በርቶ ስለዋለ ብቻ፣ 50 ዋት ገደማ ሊወስድ ይችላል። በ24 ሰዓት 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው፤ አንድ ትንሽ ማቀዝቀዣ በቀን ከሚፈጀው አያንስም። አምስት ባለ 9 ዋት አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨርና የስልክ ቻርጀር ተደምረው 200 ዋት በማይሞሉበት ቤት፣ በደመና ቀን ፓኔሉ ከለቀመው ላይ ትልቁን ድርሻ ኢንቨርተሩ ራሱ ይወስዳል። ራሱ የሚበላው መጠን በካርቶኑ ላይ እምብዛም አይጻፍም፤ በውስጥ ያለው መመሪያ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ይገኛል።

«ታዲያ ምጣዱስ?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው፣ ብዙ ቤተሰብ ትልቁን የሚገዛው ለእንጀራ ብሎ ነውና። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። አንድ ሰዓት ተኩል ከተጋገረበት 5 ኪሎዋት ሰዓት ያልፋል፤ ባለ 5 ኪሎዋት ሰዓት ሊቲየም ባትሪ በአንድ ጋገራ አለቀ ማለት ነው፣ ማታ ለአምፖልም አይተርፍም። ስለዚህ የምጣዱን መስመር ከኢንቨርተሩ በፊት፣ በቀጥታ ከቆጣሪው መሳብና መብራት ሲኖር መጋገር፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወደ ማገዶው ምርጥ ምድጃ መመለስ ያዋጣል። ለምጣድ የታሰበው ገንዘብ ለባትሪና ለፓኔል ቢውል ክረምቱ ይቀልላል። «ቤቱ ነገ ቢሰፋስ?» ለሚለው፣ ከራሱ ዓይነት ሌላ ጋር ተጣምሮ መሥራት የሚችል ሞዴል አለ፤ ከመግዛት በፊት ይህን መጠየቅ ገና ለማይታወቅ ነገ ዛሬ ትልቁን ከመሸከም ይረክሳል።

ከትራንስፎርመር ርቀው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ሌላ ጣጣ አለ፤ መብራቱ ሳይጠፋ ይደክማል። ማታ ሁሉም ሲያበራ ቮልቴጁ ከ220 ወርዶ 160 ሊደርስ ይችላል። በገበያ ላይ ብዙዎቹ ሃይብሪዶች ሁለት ምርጫ አላቸው፦ አንደኛው ከ170 ቮልት በታች የመጣውን አልቀበልም ብሎ ወደ ባትሪ ይዞራል፣ ሌላው እስከ 90 ቮልት ድረስ ይቀበላል። ሰፊው ቸር ይመስላል፤ ነገር ግን የደከመውን ኃይል እንዳለ ለማቀዝቀዣው ያሳልፈዋል፣ ኮምፕሬሰሩም ይጎዳል። ጠባቡ ማቀዝቀዣውን ያድናል፣ ባትሪው ግን ከመስመሩ ሳይሞላ ያመሻል። እኔ ጠባቡን ይዤ ከፊቱ ስታቢላይዘር ማስቀመጥን እመርጣለሁ። ፓኔልን ከመስመሩ ጋር ብቻ አገናኝቶ ያለ ባትሪ የሚሠራውን ርካሽ ዓይነት ግን ለዚህ አካባቢ አልመክርም፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ጉድለት አይደለም፤ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ጠፍቷል ባለው ሽቦ እንዳይመታ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

ከፍታውም ይቆጠራል። ብዙ አምራቾች የጻፉት አቅም እስከ 2,000 ሜትር ድረስ የሚሠራ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዣ ፋኑ እንደ ቆላው አያበርድም፣ አቅሙም ይቀንሳል። ፍኖተ ሰላም ከዚህ መስመር ጥቂት ዝቅ ትላለች፤ ቡሬ ግን ታልፈዋለች። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ኢንቨርተሩን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ጥግ ውስጥ አፍኖ መስቀል ያባብሰዋል። የጎጃም ክረምት መብረቁ ብዙ ነውና መሬት ውስጥ የሚቀበረው ዘንግና በፓኔሉም በቆጣሪውም በኩል የሚገባው የመብረቅ መከላከያ ከኢንቨርተሩ ጋር አብሮ ሊገዛ ይገባል፤ ገጣሚው ዋጋ ሲያሳንስ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስቀረው እነዚህን ነው።