ጭነት አያብጥም፣ ክንድ ግን ያብጣል

ልጁ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። ፍየል ሲጠብቅ ከቁርቁራ ዛፍ ላይ ወድቆ ክንዱ ከተሰበረ በሦስተኛው ቀን ጀልዴሳ ላይ አገኘሁት። ወጌሻው ክንዱን በእንጨት ስንጥር ከብቦ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በገመድ ጠፍሮታል። ከገመዱ በታች ያሉት ጣቶች አብጠው ያብረቀርቃሉ፤ ጥፍሮቹ ጠቁረዋል። የመሃል ጣቱን ቀስ ብዬ ላቃናው ስል እሪ አለ።

«ቻል አቦ!» አለው አባቱ። «የሚያምህ እኮ አጥንቱ እየገጠመ ስለሆነ ነው።»

በአባቱ አልፈርድም። እሱም የሰማውን ነው ያለው፦ ጠብቆ ያልታሰረ አጥንት አይገጥምም፣ ሕመሙም የመዳን ምልክት ነው። ከአባባሉ ግማሹ ልክ ነው። የተሰበረ አጥንት እንዳይነቃነቅ መደገፍ አለበት፤ ጀሶም ሥራው ይኸው ነው። የልጅ አጥንት ደግሞ ፈጥኖ ይገጥማል፣ ትንሽ ቢጣመም እንኳ ሲያድግ ብዙውን ጊዜ ራሱን ያቃናል። ወጌሻው ስሙን ያተረፈው በአብዛኛው በዚህ ነው። ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቋንቋችንን ያውቃል።

ስህተቱ «ጠብቆ» የምትለው ቃል ላይ ነው። ጀልዴሳ ጭነት ማሰር የሚያውቅ አገር ነው፤ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ እስኪገባ ድረስ ከዘይላ የተነሳው የግመል ጭነት በዚያ በኩል ነበር ወደ ሐረር የሚወጣው። ግመል ላይ ገመድ ሲጠብቅ ጥሩ ነው፣ ጭነት አያብጥምና። የተሰበረ ክንድ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያብጣል። ሲታሰር ልክ የነበረው ገመድ ማታ ላይ ማነቆ ይሆናል። በውስጥ ያለው ግፊት ደሙን ሲያቋርጠው ጡንቻ ብዙ አይታገሥም፤ ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ የማይመለስ ጉዳት ይጀምራል። ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን ጠብቆ በመታሰር ብዛት ጣት እንደ ጥፍር ተኮራምቶ እንደሚቀር የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። ይህ ሁሉ ዘመን አልፎ ዛሬም ልጅን «ቻል» እንላለን። ያ ልጅ እዚያው ገመዱ ተፈትቶለት ድሬዳዋ ደረሰ፤ እጁ ተረፈ፣ ሁለቱ ጣቶቹ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘረጉም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ «ሐኪም ቤት ከሄድክ ይቆርጡሃል» የሚለው ወሬ ነው። ይህን የሚያዛምቱ ሰዎች ትዕግሥቴን ያስጨርሱኛል። እጅ የሚቆረጠው ሰው ሐኪም ዘንድ በመሄዱ ሳይሆን ሥጋው ከሞተ በኋላ በመድረሱ ነው። እጁን የገደለው ገመዱ ነው፤ ሰው የሚያየው ግን መጋዙን ነው። ከዚያ ወሬው ሌላውን ያስፈራል፣ የፈራው ይዘገያል፣ የዘገየውም ይቆረጣል።

ወጌሻ ይከልከል የሚሉ አሉ። እኔ ይህ እንደሚበጅ እርግጠኛ አይደለሁም። ዶክተር መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት የአገራችን ጥናት ወጌሻዎችን ለአንድ ቀን ማስተማር ብቻ በጠበቀ እስር ምክንያት የሚመጣውን ጋንግሪንና የአካል መቆረጥ እንደቀነሰ አሳይቷል። አንድ ቀን! ይህን ያህል ቀላል ነገር ጀልዴሳ ላይም ቢሞከር እመኛለሁ።

እንዲህ ያሉ ሌሎች የተሳሳቱ አባባሎችን ባጭሩ ልለፋቸው። «ወገቡ የተያዘ ሰው ከአልጋ አይውረድ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የሄልሲንኪ ጥናት ግን ሁለት ቀን ከተኙት ይልቅ አቅማቸው በፈቀደ መጠን የዕለት ሥራቸውን የቀጠሉት ቶሎ እንደተሻላቸው አግኝቷል። እግር ከደነዘዘ ወይም ሽንት አልታዘዝ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት። «ሩጫ ጉልበት ይጨርሳል» የሚለውም በልኩ ለሚሮጥ ሰው አይሠራም፤ የብዙ ጥናቶች ድምር እንደሚያሳየው ለጤናቸው የሚሮጡ ሰዎች የጉልበትና የዳሌ መገጣጠሚያ መበላት ከማይሮጡት ያነሰ ነው። ሩጫው ጠብቋቸው ይሁን ወይስ ድሮም ጤነኛ የሆኑት ስለሚሮጡ፣ ገና አልለየም።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። የታሰረ እጅ ወይም እግር ቤት ውስጥ ካለ ማታ በስልክ መብራትም ቢሆን ጣቶቹን እዩ። ጥፍሩን ተጭናችሁ ስትለቁ ቅላቱ በሁለት ሰከንድ ካልተመለሰ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ፣ ቀስ ብላችሁ ስታቃኑትም ከመጠን በላይ ካመመው እስሩን ላላ ማድረግ አይበቃም። ጨርቁንም ስንጥሩንም እስከ ቆዳው ፍቱ፣ ክንዱን በልብ ትክክል አሳርፉት፣ ወደ ድል ጮራ ወይም ወደ ሳቢያን ሆስፒታል ተነሱ። ወጌሻውን ለመጠየቅ ብላችሁ ሌሊቱ እስኪነጋ አትጠብቁ።