የጃፓንኛ ጀማሪ ምን ያንብብ፣ ምን ይመልከት?

ጃፓንኛ መማር የጀመረ ሰው ፊደላቱን እንደለየ የሚገጥመው ጥያቄ ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ የትኛውን ጽሑፍና የትኛውን ፊልም ቢከታተል ይጠቅመዋል የሚለው ሲሆን፣ ለዚህ በብዛት የሚሰጠው «ለልጆች የተዘጋጀውን ያዝ» የሚል ምክር ግን ሳይመረመር መወሰድ የለበትም። ጃፓናዊው ልጅ የመጀመሪያ መጽሐፉን ሲገልጥ ቋንቋውን በጆሮውና በአንደበቱ ያወቀ፣ የቀረው ንባብ ብቻ የሆነ ተማሪ ነው፤ የውጭ አገር ጀማሪ ግን ገና ቃላቱን ራሳቸውን የሚለቅም በመሆኑ ለልጁ የቀለለው ለእርሱ ይከብደዋል፣ ለልጁ የሚከብደውም አንዳንድ ጊዜ ለእርሱ ይቀለዋል።

ልዩነቱ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታየው በአጻጻፉ ላይ ነው። በአንድ የጃፓንኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ዓይነት ፊደላት ጎን ለጎን የሚሠሩ ሲሆን፣ ሂራጋናና ካታካና የተባሉት ሁለቱ እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ምልክቶች አሏቸው፤ አብዛኛው ምልክትም ተነባቢንና አናባቢን አጣምሮ ስለሚይዝ ሀ ሁ ሂ ብሎ ላደገ አንባቢ አሠራራቸው እንግዳ አይሆንበትም። ሦስተኛው ካንጂ ከቻይና የተወሰደና ከድምፅ በተጨማሪ ትርጉምን የሚይዝ ጽሕፈት ሲሆን፣ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት በመንግሥት ዝርዝር የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው ማሻሻያ 2,136 ደርሰዋል። ይህን ብዛት የፈራ ጀማሪ በሂራጋና ብቻ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ቢፈልግ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን በድምፅ የሚመሳሰሉ ቃላት በሞሉበት በዚህ ቋንቋ «ሃሺ» የሚለው ድምፅ ብቻውን ሲጻፍ ድልድይ ይሁን፣ የመመገቢያ እንጨት ይሁን፣ ወይም ዳር፣ የሚለየው በዐውዱ ብቻ ነው፤ በካንጂ ሲጻፍ ግን ሦስቱም ለየቅል ናቸው። በተለመደው የጃፓንኛ ጽሑፍ በቃላት መካከል ክፍተት ስለማይተው አንዱ ቃል የት አብቅቶ ሌላው የት እንደሚጀምር ለማየት የሚረዳውም በአብዛኛው ካንጂው ነው።

ስለዚህ ጀማሪ መፈለግ ያለበት ካንጂ የሌለበትን ሳይሆን ፉሪጋና ያለበትን ጽሑፍ ነው። ፉሪጋና ማለት የካንጂው አነባበብ እንዲታወቅ ከጎኑ ወይም ከበላዩ በደቃቁ የሚታተም የድምፅ ፊደል ሲሆን፣ አንባቢው ቃሉን ባያውቀው እንኳ ድምፁን አይቶ በመዝገበ ቃላት እንዲፈልገው ያስችለዋል። ማንጋ በሚባሉት የሥዕል ትረካዎች ዘንድ ደንቡ በአንባቢው ዕድሜ ላይ የቆመ ነው፤ እንደ «ሾነን ጃምፕ» ያሉ ለወጣት ወንዶች የሚታተሙ መጽሔቶች ፉሪጋና ሲያትሙ፣ ለአዋቂዎች የሚዘጋጁት አብዛኛውን ጊዜ ይተዉታል። ማንጋ ከመግዛት በፊት አንድ ገጽ ገልጦ ይህን ማየት ብቻ ብዙ ድካም ያስቀራል።

ከዚህ አንጻር በጀማሪዎች ዘንድ ስሙ ተደጋግሞ የሚነሣው፣ አዙማ ኪዮሂኮ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው «ዮትሱባቶ» የተባለ ማንጋ ምስጋናው በእርግጥ የሚገባው ነው። ባለታሪኳ ከአባቷ ጋር ወደ አዲስ ሰፈር የገባች የአምስት ዓመት ሕፃን ስትሆን፣ ታሪኩ ከቤት፣ ከጎረቤትና ከገበያ ብዙም ርቆ አይሄድም። በአንዱ ምዕራፍ የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያ ምድርን እንደሚጎዳ ከጎረቤት ልጅ ሰምታ ትደነግጣለች፤ ሕፃኗ የማታውቀው ነገር ብዙ በመሆኑ በዙሪያዋ ያሉት በቀላል ቃል ሲያስረዷት አንባቢውም አብሯት ይማራል፣ ቃሉ ቢያመልጠው ደግሞ ሥዕሉ ይነግረዋል። መጽሐፉን ለጀማሪ ተስማሚ ያደረገው የሕፃኗ ዕድሜ ሳይሆን ይህ የማስረዳት ልማድ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። «ቺዝ ስዊት ሆም» በተባለው የድመት ግልገል ታሪክም ባለታሪኳ ገና ሕፃን ናት፤ ነገር ግን ንግግሯ እንደ ሕፃን አንደበት የተኮላተፈ ስለሆነ ትክክለኛውን ቃል ለማያውቅ ሰው እንቆቅልሽ ይሆንበታል።

ሁለተኛው መመዘኛ ማን ለማን ይናገራል የሚለው ነው። የጃፓን ቋንቋ ሊቅ ኪንሱይ ሳቶሺ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ «ያኩዋሪጎ»፣ ማለትም የገጸ ባሕርይ ቋንቋ፣ ብለው እንዳብራሩት፣ በልብ ወለድ ውስጥ ሽማግሌው ሊቅ፣ የጦር ሰውና የባለጸጋ ልጅ እውነተኛ ሰዎች በማይናገሩበት፣ ተመልካቹ ግን ወዲያው በሚለየው አነጋገር ይናገራሉ። ሽማግሌው ራሱን «ዋሺ» ብሎ ይጠራል፤ ተፋላሚው ባላጋራውን «ኪሳማ» ይለዋል፣ ይህም ዛሬ በገሃዱ ዓለም ስድብ ነው። አንቱና አንተን ለይቶ ላደገ ሰው በሥራ ቦታ ወይም በትምህርት ቤት እንዲህ ብሎ መገኘት ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግተውም። በዚህ ምክንያት የጦርነትና የአስማት አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን የካርቱን ፊልም፣ የመማር ፍላጎትን የሚያቀጣጥል ቢሆንም ለአነጋገር አርአያ ሊሆን አይችልም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተሠራው «ሺሮኩማ ካፌ» ግን እንስሳት በቡና ቤት ተገናኝተው የሚያወጉበት በመሆኑ የአስተናጋጅና የደንበኛ የትሕትና አነጋገር በየክፍሉ ይሰማበታል። ከእንስሳቱ አንዱ የሆነው ድብ የሚያዘወትረው የቃላት ጨዋታ ለጀማሪ ከበድ ስለሚል እርሱን ማለፍ ይቻላል።

በማዳመጥ ረገድ የአማርኛ ተናጋሪ አንድ ብርቱ ጎንና አንድ ደካማ ጎን አለው። ተነባቢ ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉም እንደሚለወጥ ጆሮው ስለሚያውቅ፣ «ኪቴ» ላልቶ ሲነገር «መጥቶ»፣ ጠብቆ ሲነገር ደግሞ የፖስታ ቴምብር መሆኑን ለመለየት አይቸገርም። የአናባቢ ርዝመት ግን በአማርኛ ትርጉም ስለማይለይ፣ «ኦባሳን» ብሎ አክስትን የሚጠራ ሰው የ«ባ»ን ድምፅ ቢያስረዝመው አያቱን ጠርቶ ያገኘዋል፤ ይህን ጆሮ የሚለምደው በንባብ ሳይሆን ደጋግሞ በመስማት ብቻ ነው። የእንግሊዝኛ ግርጌ ጽሑፍ እያነበቡ ፊልም መከታተል ለዚህ ብዙም አይረዳም፤ ዓይን ሲያነብ ጆሮ ያርፋል፣ በዚያ ላይ በጃፓንኛም ሆነ በአማርኛ ግሥ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋ ሆኖ ሳለ እንግሊዝኛው ቅደም ተከተሉን ያፈርሰዋል። ታሪኩን አንድ ጊዜ በግርጌ ጽሑፍ ተረድቶ፣ ያንኑ ክፍል ያለ ጽሑፍ መመለስ የተሻለ ነው።

ለአዋቂ ጀማሪ ከሁሉ የሚስማማው ግን ምናልባት «ያሳሺ ኒሆንጎ»፣ ማለትም ቀላል ጃፓንኛ፣ የሚባለው የአጻጻፍ ስልት ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1995 ኮቤንና አካባቢዋን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲሆን፣ በዚያ አደጋ የውጭ አገር ነዋሪዎች ማስጠንቀቂያውንና የእርዳታ መረጃውን ሳይረዱ መቅረታቸው በሂሮሳኪ ዩኒቨርሲቲ ሳቶ ካዙዩኪ የተባሉትን ተመራማሪ ቃላትን የማቅለል ጥናት እንዲያካሂዱ አነሣሣቸው፤ «ሂናን» የሚለው የመንግሥት ቃል በዚህ ስልት «ኒገሩ»፣ ማለትም መሸሽ፣ በሚለው የየዕለት ቃል ይተካል። የኤን ኤች ኬ የብሮድካስት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረው ቀላል ዜና በዚሁ መንፈስ የተዘጋጀ ሆኖ፣ በአጫጭር አንቀጾች፣ በፉሪጋናና ረጋ ባለ ድምፅ የቀረበ፣ የሰውና የቦታ ስሞችን በቀለም የለየ ነበር። የአዋቂ ጉዳይ በጀማሪ ቃል ስለሚቀርብበት፣ አንባቢው አስቀድሞ የሚያውቀውን የዓለም ዜና መርጦ ቢጀምር፣ ይዘቱን ስለሚገምተው ድካሙን ሁሉ በቋንቋው ላይ ማዋል ይችላል፤ ቀላሉን ከጨረሰ በኋላም ስለዚያው ጉዳይ በተለመደው ጃፓንኛ የተጻፈውን ፈልጎ ሁለቱን መስመር በመስመር ማስተያየት ይችላል።