ብስክሌት የሚገዛ ሰው ምን ይመልከት?

ሰንጋ ተራ ስሙን ያገኘው ከሰንጋ ገበያ ነው። የሰንጋ ገዢ ጥርሱን ሳያይ፣ ሻኛውን ሳይዳብስ፣ ወዲያና ወዲህ ሳያስነዳ ገንዘቡን ከመቀነቱ አይፈታም ነበር። ዛሬ በዚያው ሥፍራ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል የምንኖር እኛ ግን፣ ብስክሌት ስንገዛ የምንመለከተው ቀለሙን ነው።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዲት የሰፈራችን እናት ዕቁባቸው ሲወጣላቸው፣ ዕቃ የማመላለስ ሥራ ለጀመረው ልጃቸው ያገለገለ ብስክሌት ገዙለት። እንደ አዲስ የሚያበራ፣ ዋጋውም ከሌላው ያነሰ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ቁልቁለት ሲወርድ መሪውን የሚሸከመው አንገት ተቀነጠሰና የልጁ ክንድ ተሰበረ። ብስክሌቱን ብናየው፣ ከአዲሱ ቀለም በታች የቆየ ስንጥቅ በብየዳ ተደፍኗል። እናቲቱ ከብስክሌቱ ዋጋ በላይ የሕክምናውን ወጪ ከፈሉ፤ ልጁም ሁለት ወር ሥራ ፈታ። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ያስተማረው ለእንዲህ ያለውም ነገር ይሆናል።

እንግዲህ ገዢው አስቀድሞ ብረቶቹ የሚጋጠሙበትን ሥፍራ በጣቱ ይዳብስ። ቀለሙ በዚያ ወፍሮ ወይም አብጦ ቢያገኘው፣ ሻጩ ቢምልለት እንኳ ይተወው። ቀጥሎ ጎማውን ከመሬት አንሥቶ ያሽከርክር፤ በፍሬኑ ላስቲኮች መካከል እየተወላገደ ቢዞር ሊቃና የሚችል ነውና ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅመዋል። ያለቀ ካቴና ወይም የተበላ የፍሬን ላስቲክም ይለወጣል፤ የሚያስፈራ አይደለም። የሚያስፈራው በመርካቶ ከመነዳሪ የማይገኝለት እንግዳ የጎማ ልክ ነው፤ እንዲህ ያለው ብስክሌት አንድ ጊዜ የተበሳ እንደ ሆነ ልብስ ማስጫ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ማርሽም አንድ ነገር እንበል። በባሕር ዳር ሜዳ ማርሽ የሌለው ይበቃል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት፣ ዳገት የበዛባት ከተማ ናት። ከሰንጋ ተራ ወደ መርካቶ ሸክም ይዞ ለሚወጣ ሰው ከኋላ ሰፊ የጥርስ ማርሽ ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በላይ የማርሹ ብዛት ዋጋ ከማስወደድ በቀር ብዙም አይጠቅመው።

ለልጅ ልብስ ስንገዛ «ያድግበታል» ብለን ሰፊውን እንመርጣለን። በብስክሌት ይህ አይሆንም፤ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ የእግሩ ጣት መሬት የማይነካለት ልጅ በመኪና ፊት ሲደነግጥ መቆሚያ የለውም።

እናቲቱ በቅርቡ ሁለተኛ ብስክሌት ሊገዙ ሲሄዱ እኛንም አስከትለውን ነበር። ሻጩ የቀለሙን ውበት ሲያወራ፣ እርሳቸው መነጽራቸውን አድርገው የብስክሌቱን አንገት ይዳብሱ ነበር።