የመንደሩ ቦርድ፦ ከመሬት ምደባ እስከ መንገድ ዳር ዛፍ

በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ቺካጎን ከበው ከተቀመጡት የመኖሪያ አካባቢዎች ብዙዎቹ በሕግ ፊት መንደር ናቸው። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ሻምበርግ ከ78,000 በላይ፣ አርሊንግተን ሃይትስ ከ77,000 በላይ፣ ኦክ ፓርክ ከ54,000 በላይ ነዋሪ ነበራቸው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የባቡር ጣቢያም፣ የገበያ ማዕከልም፣ ፎቅም አላቸው፤ ሆኖም የሚተዳደሩት በመንደር ቦርድ ነው።

ቦርዱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፕሬዚዳንትና ትረስቲ የሚባሉ ስድስት አባላት አሉት። ሁሉም በነዋሪው የተመረጡ ናቸው። ትረስቲነት መተዳደሪያ አይሆንም፤ ቀን ላይ የግል ሥራቸውን ሲሠሩ የዋሉ ሰዎች ማታ ለስብሰባ ይቀመጣሉ። የዕለት ተዕለቱን ጉዳይ ብዙ ጊዜ ተቀጥሮ የሚሠራ ሥራ አስኪያጅ ያካሂደዋል። የኢሊኖይ ሕግ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ አጀንዳውም ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት እንዲለጠፍ ያስገድዳል። ስለዚህ ማንም ሰው ገብቶ የመንደሩ መሬት እንዴት እንደሚወሰንበት ቁጭ ብሎ ማየት ይችላል።

አዳራሹ የሚሞላው ግን ሁልጊዜ አይደለም። አንድ ባለሀብት ባዶ ቦታ ላይ አፓርታማ ልሥራ ብሎ ያመለከተ ዕለት ወንበር ይጠፋል፤ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል፤ ለያንዳንዱ ተናጋሪ የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው። የዓመቱ የዛፍ ተከላ ውል በቀረበ ዕለት ደግሞ አንድም ሰው አይናገርም። ውሉ ከመንገድ ጨው ግዢና ከወሩ ክፍያዎች ጋር በአንድ ጥቅል ተጠርዞ፣ ያለ ክርክር፣ በአንድ ድምፅ ሊያልፍ ይችላል። ሁለቱም ውሳኔዎች ግን የመንደሩን ገጽ ለሃምሳና ለስልሳ ዓመት ይይዙታል። ዝም ተብሎ የሚያልፈው ከጫጫታው ያልተናነሰ ትኩረት ይገባዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መንደሮች በግለሰብ መሬት ላይ ይህን ያህል ሥልጣን ያገኙት በአንዲት መንደር ክስ ነው። ዩክሊድ በኦሃዮ ግዛት ከክሊቭላንድ ጎን ያለች፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ጥቂት ሺህ ሰው የሚኖርባት ቦታ ነበረች። በኖቬምበር 1922 የመንደሩ ምክር ቤት የመንደሩን መሬት ሁሉ በቀጠና ከፋፍሎ፣ የት መኖሪያ ቤት፣ የት ሱቅ፣ የት ፋብሪካ እንደሚሠራ የሚደነግግ ደንብ አወጣ። አምብለር ሪያልቲ የተባለው ኩባንያ በዚያ 68 ኤከር መሬት ነበረው፤ ቦታውን የያዘው ለኢንዱስትሪ እሸጠዋለሁ ብሎ ነው። ኩባንያው በኤከር 10,000 ዶላር የሚያወጣው መሬት ለመኖሪያ ብቻ ሲባል ወደ 2,500 ወረደብኝ ሲል ከሰሰ። በ1924 የፌዴራሉ ወረዳ ፍርድ ቤት ለኩባንያው ፈረደ። ኖቬምበር 22 ቀን 1926 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ፍርዱን ገልብጦ መንደሪቱን ደገፈ።

ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ጆርጅ ሰዘርላንድ ነገሩን በአሳማ አስረድተዋል፤ አሳማ በጉረኖው ቢገኝ ማንንም አያስከፋም፣ ችግር የሚሆነው ሳሎን ሲገባ ነው። በዚያው ጽሑፍ ግን በግል ቤቶች መካከል የሚቆም አፓርታማን ከጥገኛ ተባይ ቆጥረውታል። ፋብሪካን ከመኖሪያ ለመለየት ታስቦ የጸደቀው ሥልጣን፣ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የተከራይን ሕንፃ ከባለቤት ቤት ለመለየትም ተመቻችቶ ነበር።

ዛሬ ወደ መንደር ጽሕፈት ቤት የሚመጡት ማመልከቻዎች በክብደት ይለያያሉ። ቀላሉ ከደንቡ ጥቂት ለመውጣት የሚቀርበው ነው። ደንቡ ቤቱ ከወሰኑ ይህን ያህል ሜትር ይራቅ ይላል፤ የባለቤቱ ቦታ ግን ጠባብ ወይም ቅርፀ ጎደሎ ስለሆነ ጋራዡ አይገጥምለትም። እንዲፈቀድለት ችግሩ ከመሬቱ ጠባይ የመጣ መሆኑን ማሳየት አለበት፤ ሰፋ ያለ ሳሎን አምሮኝ ነው ማለት አያዋጣም። ቀጥሎ ያለው የልዩ አገልግሎት ፈቃድ ነው። በአንድ ቀጠና ውስጥ የሕፃናት ማቆያ፣ ነዳጅ ማደያ ወይም የእምነት ቤት የሚፈቀደው ጉዳዩ ለብቻው ታይቶ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ምእመናን ገንዘብ አዋጥተው የቆየ የቢሮ ሕንፃ ወይም መጋዘን ለቤተ ክርስቲያን ሲገዙ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥማቸው ይኸው ነው። የመኪና ማቆሚያው ስንት ይይዛል? የሌሊቱ ማሕሌት ጎረቤት ይረብሻል ወይ? የበዓል ዕለት ሕዝብ የት ይቆማል? የሕንፃውን ውል ከፈረሙ በኋላ ሳይሆን ከመፈረማቸው በፊት ሊጠይቁት የሚገባ ጥያቄ ነው። በ2000 የወጣ የፌዴራል ሕግ የአካባቢ መስተዳድሮች የእምነት ስብሰባን ከሌሎች ስብሰባዎች አሳንሰው እንዳያዩ ይከለክላል፤ ሆኖም ሕጉ ከማመልከቻው ሂደት አያድንም።

ከሁሉ የሚከብደው ቀጠናውን ራሱን የማስቀየር ጥያቄ ነው። በኢሊኖይ ሕግ የማድመጫው ስብሰባ ከመካሄዱ ከ15 ቀን ባላነሰ፣ ከ30 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ማስታወቂያው በጋዜጣ መውጣት አለበት። ጉዳዩን መጀመሪያ የሚሰማው ነዋሪዎች የሚሰየሙበት ኮሚሽን ነው፤ ኮሚሽኑ ሐሳብ ያቀርባል፣ ቦርዱ ይወስናል። ብዙዎች የማያውቁት አንድ መሣሪያም በጎረቤቶች እጅ አለ። ከቦታው ጋር የሚዋሰኑ ወይም ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊት ያሉ ባለይዞታዎች፣ የመሬት ፊታቸው ርዝመት ተደምሮ 20 በመቶ ከሞላ፣ ፈርመው በጽሑፍ ሲቃወሙ ተራ ብልጫ ድምፅ አይበቃም። ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል። ስድስት ትረስቲዎች ባሉበት ቦርድ ይህ አራት ድምፅ ማለት ነው።

የቀጠና ለውጥ ጥያቄ ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ የአርሊንግተን ሃይትስ ታሪክ ያሳያል። የቅዱስ ቪያቶር ማኅበር ካህናት በዚያ 80 ኤከር መሬት ነበራቸው። ከዚሁ 15 ኤከር ወስዶ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በመንግሥት ድጎማ 190 ቤቶች ለመሥራት አንድ ለትርፍ ያልቆመ የቤት አልሚ ድርጅት ከማኅበሩ ጋር ተዋዋለ። ቦታው ለአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ የተመደበ ስለነበር ወደ ብዙ ቤተሰብ መኖሪያ እንዲቀየር ተጠየቀ። በ1971 ኮሚሽኑ ሕዝቡን በሦስት ስብሰባዎች አደመጠ። አብዛኛው ተናጋሪ ተቃዋሚ ነበር። ገሚሱ አካባቢው ሁልጊዜም የግል ቤት ቀጠና ነው፣ የቤታችን ዋጋ ይወርዳል አለ፤ ስለ ዘር በግልጽ ያነሱም ነበሩ። በ1970 ቆጠራ መሠረት ከመንደሪቱ 64,000 ያህል ነዋሪዎች ጥቁሮቹ 27 ብቻ ነበሩ። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1971 ቦርዱ ጥያቄውን ስድስት ለአንድ ጣለው።

ክሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጃንዋሪ 1977 ፍርድ ቤቱ ውሳኔው ጥቁሮችን ይበልጥ ስለጎዳ ብቻ ሕገ መንግሥቱን ጥሷል አይባልም፣ የማግለል ሐሳብ እንደነበረ መረጋገጥ አለበት አለ። ሐሳቡ በምን ይታወቃል ለሚለውም መልስ ሰጠ፦ የቀደመው ታሪክ፣ የነገሮቹ ቅደም ተከተል፣ ከተለመደው አሠራር መውጣት፣ አባላቱ የተናገሩትና በቃለ ጉባኤ የሰፈረው ይታያል። ከዚያ ወዲህ የመንደር ጸሐፊ የሚይዘው ቃለ ጉባኤ ተራ ወረቀት መሆኑ ቀረ። ጉዳዩ ወደ ታችኛው ፍርድ ቤት ተመልሶ በ1968ቱ የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ መታየት ሲጀምር ሁለቱ ወገኖች ታረቁ፤ ቤቶቹ በአርሊንግተን ሃይትስና በማውንት ፕሮስፔክት መካከል በየትኛውም መንደር ሥር ባልነበረ መሬት ላይ እንዲሠሩ ተስማሙ። ይህን ጊዜ ደግሞ የተቃወመችው ጎረቤቲቱ ማውንት ፕሮስፔክት ነበረች። አልተሳካላትም።

ወደ ዛፉ እንሂድ። በእግረኛ መንገድና በመኪና መንገድ መካከል ያለችው የሣር ቁራጭ በአብዛኞቹ መንደሮች የመንደሩ ናት። ሣሩን የሚያጭደው የቤቱ ባለቤት ቢሆንም ዛፉን መትከልም መቁረጥም የሚችለው በፈቃድ ነው። እዚያ ምን ይተከል የሚለውን የሚወስነው የመንደሩ የዛፍ ባለሙያ ነው፤ ገንዘቡን የሚሰጠው ቦርዱ።

በጋራ ዛፍ የመትከል ልማድ በአሜሪካ የሚታወቅ መነሻ አለው። በነብራስካ ግዛት ጄ. ስተርሊንግ ሞርተን የተባሉ ጋዜጠኛ ባቀረቡት ሐሳብ ኤፕሪል 10 ቀን 1872 የመጀመሪያው የዛፍ ቀን ተከበረ፤ በዕለቱ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ዛፍ እንደተተከለ ይገመታል። በ1976 ደግሞ የአርቦር ዴይ ፋውንዴሽን «ትሪ ሲቲ ዩኤስኤ» የተባለ ዕውቅና ጀመረ። ዕውቅናውን የሚሻ መንደር ለዛፍ ኃላፊ የሆነ ቦርድ ወይም ክፍል፣ የዛፍ ደንብ፣ በነዋሪ ቢያንስ 2 ዶላር የሚደርስ ዓመታዊ ወጪ እንዲሁም የዛፍ ቀን አከባበር ሊኖረው ይገባል። 50,000 ሰው ያለበት መንደር በዓመት 100,000 ዶላር ማለት ነው። የመንደሩ ፕሬዚዳንት በየኤፕሪሉ የሚያነቡት አዋጅም ከዚህ የመጣ ነው።

በዛፍ ምርጫ ግን መንደሮች ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ስሕተት ሠርተዋል። መጀመሪያ መንገዱን ሁሉ ኤልም በተባለው ዛፍ አለበሱት፤ ቅርንጫፉ ከሁለቱም ወገን ተገናኝቶ ጣሪያ ስለሚሠራ ይወደድ ነበር። በ1930 በኦሃዮ የታየው የደች ኤልም በሽታ ከግዛት ግዛት እየተዛመተ ጨረሰው። ባዶውን ቦታ በብዛት የሞሉት ቶሎ በሚያድገው አሽ ነበር። በ2002 በዲትሮይት አካባቢ ኤመራልድ አሽ ቦረር የተባለች ከእስያ የመጣች አረንጓዴ ጢንዚዛ ተገኘች፤ እጮቿ ከቅርፊቱ ሥር እየበሉ ዛፉን ያደርቁታል። በ2006 ኢሊኖይ ገባች። ብዙ መንደሮች ለአዲስ ችግኝ ያስቡት የነበረውን ገንዘብ ለመቁረጫና ጉቶ ለመንቀያ አወጡት።

ፍራንክ ሳንታሞር የተባሉ ሳይንቲስት ግን በ1990 መድኃኒቱን ጽፈውት ነበር፦ በአንድ ከተማ ከተተከሉት ዛፎች አንድ ዝርያ ከ10 በመቶ፣ አንድ ወገን ከ20 በመቶ፣ አንድ ቤተሰብ ከ30 በመቶ አይብለጥ። ዛሬ የመንደር ባለሙያዎች ችግኝ ሲያዝዙ ይህን ይቆጥራሉ። ከኤሌክትሪክ ሽቦ በታች አጭር ዝርያ ይመርጣሉ፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ የሾፌር ዓይን እንዳይጋርድ ቦታ ይተዋሉ። ከተከላው በኋላ ደግሞ ችግኞቹ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት ውኃ ይፈልጋሉ። የበጎ ፈቃድ ተካዮች ፎቶ ተነሥተው ከሄዱ በኋላ ባልዲ የሚያነሣው ብዙ ጊዜ ደጃፉ ላይ ዛፍ የቆመለት ነዋሪ ነው።

ምደባውና ዛፉ አንድ ማመልከቻ ላይ የሚገናኙበት ጊዜም አለ። አዲስ ሕንፃ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የዛፍ ዝርዝር ይዞ እንዲመጣ ይጠየቃል፦ ምን ዝርያ፣ ጤናው እንዴት ነው፣ ግንዱ ከመሬት 1.37 ሜትር ከፍታ ላይ ሲለካ ውፍረቱ ስንት ነው። ቦርዱ ፈቃዱን ሲሰጥ ለመኪና ማቆሚያው ጥላ፣ ከጎረቤት ወገን መጋረጃ የሚሆን ዛፍ እንዲተከል ቅድመ ሁኔታ ያስገባል። አንዳንድ መንደሮች የተቆረጠው በውፍረቱ ልክ እንዲተካ ያዝዛሉ። 50 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኦክ ሲወድቅ 5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አሥር ችግኞች ይጠየቃሉ። ቦታው ካልበቃ አመልካቹ ለመንደሩ የዛፍ ሣጥን ይከፍላል፣ መንደሩም ሌላ መንገድ ላይ ይተክላል። ኦክ የወደቀባቸው ጎረቤቶች ማድመጫው ላይ ደጋግመው የሚጠይቁት ችግኞቹ በየትኛው መንገድ እንደሚተከሉ ነው።