ፕላስተሩ አያዋኝም

«ውሃ የማያስገባ ፕላስተር ለጥፌ ብዋኝስ?» ትርፍ አንጀቴን በኦፕራሲዮን ማውጣቴን እዚህ ቻናል ላይ ከጻፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር አብዝቶ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይህ ነው። ሄርኒያ የተሠራው ይጠይቃል፣ በኦፕራሲዮን የወለደችው ትጠይቃለች፣ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን የሆነውም ይጠይቃል። አጭሩ መልስ፦ አይሆንም። ረጅሙን ደግሞ እንደ ሐኪም ሳይሆን፣ ሐኪሙንና ፋሻ የምትቀይርለትን ነርስ በጥያቄ እንዳሰለቸ ዋናተኛ ልንገራችሁ።

ፕላስተሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም። የተሠራው ለሻወር ነው፤ ከላይ ወርዶ ለሚፈስ ውሃ። ገንዳ ውስጥ ግን ሆድ በእያንዳንዱ ምት ይታጠፋል፣ ይለጠጣል፣ ውሃውም ከየአቅጣጫው ይገፋዋል። መጀመሪያ የሚለቀው ጠርዙ ነው፤ ፀጉር ያለበት ወይም ቅባት የነካው ቆዳ ላይ ከሆነማ ወዲያው ነው። በዚያች ክፍተት የገባው ውሃ መውጫ የለውም። ሙቅ፣ እርጥብ፣ የታፈነ ቦታ፤ ባክቴሪያ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ከውሃ ወጥታችሁ ስትልጡት ከሥሩ ያለውን ቆዳ ቀኑን ሙሉ ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ ሰው ጣት ነጥቶና ተጨማዶ ታገኙታላችሁ። እንዲህ የራሰ ቆዳ በትንሽ ሰበብ ይላጣል።

በሌላ ወገን ደግሞ እናቶቻችን አሉ፤ «ውሃ ከነካው ያመረቅዛል» የሚሉት። የእኔዋ እናት ሽታ እንዳይመታኝ ጤና አዳም ትራሴ ሥር አስቀምጣ፣ ሻወር ቤቱን ልትቆልፍብኝ ምንም አልቀራትም። በንጽሕና የተሰፋ ቁስል የላይኛው ቆዳው ግራና ቀኙ በ48 ሰዓት ገደማ ይያያዛል። ብዙ ሐኪሞች ከ2 ቀን በኋላ አጭር ሻወር የሚፈቅዱት ለዚህ ነው። መታጠብና መዘፍዘፍ ግን ለየቅል ናቸው።

ምክንያቱም ከላይ በተዘጋው ቆዳ ሥር ሥራው ገና ነው። ሰውነት መጀመሪያ የተጎዳውን ያጸዳል፤ ቀጥሎ ኮላጅን የሚባለውን ክር መሰል ፕሮቲን በጥድፊያ ይደረድራል፤ ከዚያ ያንኑ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ፣ እያፈረሰ ያስተካክላል። በመጀመሪያው ሳምንት የቁስሉ ጥንካሬ ከጤነኛ ቆዳ 10 በመቶ አይሞላም። በ3ኛው ሳምንት ከ20 እስከ 30 በመቶ ቢደርስ ነው። 80 በመቶ አካባቢ የሚደርሰው ከ3 ወር ገደማ በኋላ ሲሆን፣ ከዚያም በላይ እምብዛም አይሄድም። ክር የሚወጣው እንግዲህ ቁስሉ ገና ደካማ ሳለ ነው። ክሩ በወጣ ማግሥት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ገንዳ የሚሄደውን ሰው የሚያታልለው ከላይ የሚያየው ነገር ነው።

ታዲያ መቼ? በትንንሽ ቀዳዳ ለሚሠራው ኦፕራሲዮን ሁሉ ነገር ከተስተካከለ 2 ሳምንት፣ ሆድ ተከፍቶ ለተሠራ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ በኦፕራሲዮን ለወለደች እናት ደግሞ 6 ሳምንት አካባቢ ይባላል፤ ከወሊድ በኋላ የሚፈሳት ደምም መቆም አለበት። እኔ ግን ቀን መቁጠሩን ብዙም አልወደውም። ስኳር ያለበት፣ የሚያጨስ፣ ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ቁስሉ ይዘገያል፤ ካላንደሩ ይህን አያውቅም። መታየት ያለበት ቁስሉ ራሱ ነው። ቅርፊቱ ሳይጎረጎር በራሱ ረግፏል? ክሩ ወጥቷል ወይም ሟምቷል? የሚመጣ ፈሳሽ የለም? ነርሷ ያስተማረችኝ ቀላል መፈተኛ አለች፦ ማታ ታጥባችሁ ካደረቃችሁ በኋላ ንጹሕ ጎዝ ጣል አድርጉበትና ጠዋት ብርሃን ላይ እዩት። የምስር ፍሬ የምታህል ቢጫ ነጠብጣብ እንኳ ካለች አንድ ቦታ ላይ ገና ክፍት ነው፤ ብዙ ጊዜም የስፌቱ ጫፍ ላይ ነው። ሐኪሙ «ግባ» ሳይል ግን ንጹሕ ጎዝም ብቻውን ፈቃድ አይሆንም።

ሁሉም ውሃ አንድ አይደለም። ክሎሪኑና ፒኤቹ በየቀኑ የሚለካ ገንዳ ይሻላል፤ ሆኖም ክሎሪን ሁሉን ገዳይ አይደለም። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተቅማጥ አምጪ በደንብ በታከመ ገንዳ ውስጥ እንኳ ከ7 ቀን በላይ ይቆያል። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ክሎሪኑ ቶሎ ያልቃል፤ ጃኩዚ ውስጥ ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚራባው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጃኩዚውን ከገንዳው በጣም አዘግዩት። ሐይቅን በተመለከተ፣ ጣናንና ሐዋሳን በመሰሉ ሐይቆች ዳርቻ ቢልሃርዚያ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ትሉ ጤነኛ ቆዳ በስቶ የሚገባ ስለሆነ እዚያስ ቁስሉ ቢድንም ባይድንም መጠንቀቅ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ክርክር ስለ ፍልውሃ ነው። ሶደሬ ወይም ወንዶ ገነት ሄጄ ልዘፍዘፈው፣ ያደርቀዋል የሚል ሰው አይጠፋም። አይፈረድበትም፤ አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው በፍልውሃ ዙሪያ ነው፤ እምነቱ ሥር የሰደደ ነው። ለደከመ ጡንቻና ለመገጣጠሚያ እኔም እወደዋለሁ። ግን ውሃው ከመሬት ሲወጣ ንጹሕ ቢሆንም፣ ገንዳው ውስጥ ከእናንተ በፊት ስንት ሰው እንደገባ አስቡት። ስለ ጠበልም የንስሐ አባቴን ጠይቄአቸው ነበር። «ልጄ፣ ቁስሉ እስኪድን ጠጣው፣ ፊትህን ታጠብበት፤ መጠመቁ ይደርሳል» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ የሕክምና ምክር ከየትም አላገኘሁም።

ፈቃድ ካገኛችሁ በኋላ ያለው አደጋ ሌላ ነው፦ መፈተግና መሳብ። የመዋኛ ቁምጣ ወገቡ ላይ የሚያርፈው ልክ ትርፍ አንጀት የተሠራበት ወይም ልጅ የወጣበት መስመር ላይ ነው። ጎማውና ወፍራሙ ስፌት ሲርስ እንደ ሞረድ ይሆናል። ከእምብርት በላይ የሚደርስ ቁምጣ፣ ወይም ከላይ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ የዋና ቲሸርት ችግሩን ይፈታል። እዚህ ላይ ፕላስተር ይጠቅማል፣ ግን ለዳነ ቆዳ መከላከያ እንጂ ለቁስል መክደኛ አይደለም፤ ከውሃ እንደወጣችሁም ይነሣል።

መሳቡን በተመለከተ፣ ሰው ስለ ዋናው ሲጨነቅ የሚረሳው አወጣጡን ነው። ሁለት እጅን የገንዳው ጠርዝ ላይ ተክሎ ሰውነትን አንጠልጥሎ መውጣት ሆድን ከማንኛውም የዋና ዓይነት በላይ ይወጥረዋል። መሰላሉን ተጠቀሙ፤ ማንም አይስቅባችሁም፣ ቢስቅም ይሳቅ። ዘሎ መግባት፣ ግድግዳ ገፍቶ መወርወር፣ በተገላቢጦሽ መዞርና ቢራቢሮ ይቆዩ። መጀመሪያ እስከ ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ መራመድ፣ ቀጥሎ በጀርባ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ፍሪስታይል። ጉልበት ለተሠራ ደግሞ የእንቁራሪት ምት ጉልበትን ወደ ጎን ስለሚጠመዝዝ መጨረሻ ይሁን። የሚወጋ ወይም የሚስብ ስሜት ከመጣ የዕለቱ ዋና እዚያ ያበቃል።

ስትወጡ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጠቡ፤ ፎጣውን አታሹበት፣ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁት። በሚቀጥሉት ቀናት እንዳመረቀዘ የሚያሳየው ምልክት «መቅላት ነው» ተብሎ ይጻፋል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ በግልጽ አይታይም። ከዙሪያው ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ መሰል ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ፤ በእጃችሁ ጀርባ ዳብሱት፣ ከሌላው ገላ ይልቅ የሚያተኩስ ከሆነ፣ ካበጠ፣ ሕመሙ እየቀነሰ ሳይሆን እየባሰ ከሄደ፣ መግል ከመጣ ወይም ትኩሳታችሁ 38 ካለፈ ያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን ፈልጎ መዋጥ ሕክምና አይደለም።

ጠባሳው ይቀራል። አዲስ ጠባሳ ፀሐይ ካገኘው ይጠቁርና ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ይቆያል፤ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ባለች ከተማ ደጅ ገንዳ የሚዋኝ ሰው ደግሞ ፀሐይዋ ጠንከር ትልበታለች። ጨርቅ ይሸፍነው፤ የማይሸፈን ቦታ ከሆነ መከላከያ ቁጥሩ ከ30 ያላነሰ የፀሐይ ክሬም ተቀቡ፣ ከውሃ ስትወጡም ድገሙት። በዘራቸው ኬሎይድ የሚባለው ያበጠ ጠባሳ ያለባቸው፣ በተለይ ደረታቸው ወይም ትከሻቸው ላይ የተሠሩ፣ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ስለ ሲሊኮን ልጣፍ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ልጣፉ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለ2 ወይም ለ3 ወር ያህል ቆዳው ላይ መዋል አለበት። ወደ ገንዳ ስትገቡ አውልቁት፤ ታጥባችሁ በደንብ ከደረቃችሁ በኋላ መልሳችሁ ለጥፉት።