ፈለጅና ፈለግ

ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው የምድር ባቡር በሚያልፍበት በአይሻ ሜዳ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ለሚመለከት ሰው፣ ወንዙ ሁሉ ዝናም ሲጥል ብቻ ጎርፍ የሚወርድበት አሸዋ ስለሆነ፣ ሶማሌው ይህን ደረቁን «ቶግ»፣ ክረምት ከበጋ የሚፈስሰውን ግን «ወቢ» ብሎ መለየቱ እንዴት ያለ ጥንቃቄ እንደሆነ ወዲያው ይገለጥለታል። ከዓረብ ምድር በስተ ምሥራቅ የሚኖሩት የዖማን ገበሬዎችም፣ እንደዚሁ ጥም በጸናበት ምድር እያረሱ፣ «ፈለጅ» የሚል ጥንታዊ የእርሻ ቃል ጠብቀው አቆይተዋል።

ፈለጅ ማለት ከተራራ ግርጌ የተገኘውን ውሃ፣ የምድሩን ቁልቁለት ብቻ ተከትሎ፣ እስከ ተምሩ አትክልት የሚያደርስ ቦይ ነው። ውሃው ከደረሰ በኋላ በጊዜ ይከፈላል፤ የግማሽ ሰዓት ያህሉ ድርሻ «አሠር» ይባላል፤ ቀን በጥላ፣ ሌሊት በከዋክብት ይለካል። ከእነዚህ ቦዮች አምስቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የግሡም ምሥጢር ከዚሁ ክፍፍል ጋር ይስማማል፤ «ፈለጀ» ሰነጠቀ፣ ከፈለ ማለት ነውና፣ ዓረቦች እኛ ፍንጭት የምንለውን የፊት ጥርስ ክፍተት እንኳ ፈለጅ ይሉታል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ሰዋስዉ ነው። የዓረብኛው «ጀ» በግዕዝ «ገ» ሆኖ ስለሚገኝ፣ የአይሻ ሰው ሀብት የሆነው እንስሳ በዚያ ጀመል፣ በዚህ ገመል እንደሚባል ሁሉ፣ ፈለጅም በግዕዝ ፈለግ፣ ማለት ወንዝ፣ ነው። ብዙውም ሲነገር ዕብራይስጥ «ፐላጊም» ብሎ በቃሉ መጨረሻ ላይ ፊደል ሲጨምር፣ ዓረብኛና ግዕዝ የቃሉን ውስጠኛ ድምፅ ለውጠው፣ ያ አፍላጅ፣ ይህ አፍላግ ይላሉ፤ እንደ አጅማልና አግማል ማለት ነው። ሁለት ልሳናት ቃሉን ብቻ ሳይሆን የሚበዛበትንም ሥርዐት እንዲህ አንድ አድርገው መያዛቸው፣ ከገበያ የመጣ ውሰት ሳይሆን ከአንድ እናት የተገኘ ርስት መሆኑን ያስረዳል። በኦሪት ዘፍጥረት ምድር በዘመኑ ተከፈለች የተባለለት የዔቦር ልጅ ስሙ በዕብራይስጥ ይኸው ቃል ነው፤ መጽሐፉ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከጽርዕ ስለሆነ ግን ስሙ በጽርዕ አንደበት አልፎ «ፋሌቅ» ሆኖ ደረሰን እንጂ፣ ፈለግ ሊባል በተገባው ነበር።

አማርኛችን ደግሞ ከቃሉ ውሃውን ትቶ መንገዱን ወሰደ፤ የአባቱን ፈለግ ተከተለ ስንል ዱካውን ማለታችን ነው። በአይሻ ቶግ ላይ ሁለቱም ፍቺ በአንድነት ይገኛል፤ ጎርፉ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ዱካው ነውና፣ ከብት ጠባቂው ያንኑ ተከትሎ አሸዋውን በእጁ እየማሰ ውሃ ይቀዳል።