ሺህ ዋት ከየት ይመጣል?

በኡጋንዳዋ ካምፓላ ቦዳ ቦዳ የሚባለው የሞተር ሳይክል ታክሲ ለብዙ ወጣት የዕለት እንጀራ ነው። ሥራውን የጀመሩት በኡጋንዳና በኬንያ ጠረፍ በቡሲያ፣ ሰውና ዕቃ በብስክሌት ከኬላ ኬላ ሲያመላልሱ የነበሩ ጎረምሶች ናቸው። ዛሬ ከተማዋን ከሞሏት ሞተሮች መካከል የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ የሚሠራቸው ባለሁለት እግር ቦክሰሮች በብዛት ይታያሉ፤ ዘፈን ወይም ሬዲዮ እያሰሙ የሚያልፉትም ጥቂት አይደሉም። ቀኑን ሙሉ ኮርቻ ላይ ለሚውል ሰው ሙዚቃ ቢያምረው አይፈረድበትም። ነገሩ የሚበላሸው አምፕሊፋየር ሲመረጥ ነው። ሳጥኑ ላይ 500 ዋት፣ 1000 ዋት ተብሎ ሲጻፍ ገዢው ትልቁን ቁጥር ያነሳል። ያ ቁጥር ግን ሞተሩ ከየትም አምጥቶ ሊሰጠው የማይችለው ኃይል ነው፤ ምርጫው ከሞተሩ ባትሪና ማግኔቶ መጀመር ሲገባው ከሳጥኑ ይጀመራል።

ሒሳቡ የትምህርት ቤት ሒሳብ ነው፤ ቮልትን በአምፔር ማባዛት። የትንሽ ሞተር ባትሪ 12 ቮልት ስለሆነ 500 ዋት ለማግኘት ከ40 አምፔር በላይ መሳብ ይጠይቃል። 5 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ መጠን ቢሳብ፣ በወረቀት ላይ እንኳ ከ7 ደቂቃ ብዙ አይዘልም። ‹‹ሞተሩ እየሄደ ይሞላዋል›› የሚል ይኖራል። መሙላቱንስ ይሞላዋል፤ ነገር ግን የ100 ሲሲ ሞተር ማግኔቶ በደንብ ሲሽከረከር እንኳ የሚያመነጨው በአሥሮች የሚቆጠር ዋት ነው። ከዚያ ላይ የፊት መብራቱ 35፣ የፍሬን መብራቱ 21፣ ፍሬቻዎቹ 20 ዋት ገደማ ይፈልጋሉ። ካምፓላዎች ‹‹ጃም›› በሚሉት መጨናነቅ ውስጥ ሞተሩ በሚኒሞ ሲቆም ደግሞ ምርቱ ይበልጥ ይወርዳል። ትልቅ ባትሪ መግጠምም አያዋጣም፤ ምንጩ ሳይጨምር እንስራውን እንደ ማተለቅ ነው። ለሙዚቃው የሚተርፈው እንግዲህ ሃያ ሠላሳ ዋት ቢሆን ነው።

ታዲያ ‹‹1000 ዋት›› የሚለውን ገጥመው በደህና የሚነዱ ሰዎች ለምን አሉ? እቃው ውስጡ 1000 ዋት ስለሌለው ነዋ። ቮልቴጅን ከፍ የሚያደርግ ክፍል የሌለው አምፕሊፋየር በ14 ቮልት፣ በ4 ኦም ስፒከር ላይ ሳይንሻፈፍ ሊያወጣ የሚችለው ለአንድ ቻናል ከ25 ዋት አይበልጥም። ይህን የሚወስነው ፊዚክስ እንጂ ማስታወቂያ አይደለም። ደስ የሚለው ነገር፣ ለጆሮ ይህ ትንሽ አይደለም። ኃይልን እጥፍ ማድረግ ድምፁን የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ‹‹እጥፍ ሆነ›› እንዲል ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ መጠጋት አለበት። በሌላ በኩል ስፒከሮች በአንድ ዋት የሚሰጡት ድምፅ ይለያያል። በአንድ ዋት 92 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር፣ 86 ዴሲቤል ከሚሰጠው ጋር እኩል ለመጮህ የሚፈልገው ኃይል አንድ አራተኛ ነው። በካምፓላ ሰፈሮች ምሰሶ ላይ የተሰቀሉት ‹‹ቢዚንዳሎ›› የሚባሉ ሞንታርቦዎች በትንሽ ኃይል ሰፈሩን የሚያዳርሱት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቀንድ የመሰለው ቅርጻቸው ድምፁን ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋዋል። (ሞንታርቦን ሞተር ላይ መስቀል ግን ለስብከት እንጂ ለሙዚቃ አይሆንም።) ስለዚህ ገንዘቡ በዋት ላይ ከሚባክን ጥሩ ስፒከር ቢገዛበት ይሻላል።

ከአምፕሊፋየር ዓይነቶች ክላስ ዲ የተባለው ለሞተር የተሠራ ይመስላል። የተለመደው ክላስ ኤቢ ከሚስበው ኃይል ግማሽ ያህሉን፣ በዝግታ ሲጫወትማ ከዚያም የሚበልጠውን ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ክላስ ዲ ግን በደንብ ሲሠራ 85 በመቶ ገደማውን ለስፒከሩ ያደርሳል። ሙዚቃ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ በቻናል 20 ዋት የሚሰጥ ስቴሪዮ ክላስ ዲ በልኩ ሲጫወት ከባትሪው የሚስበው በአማካይ ወደ 10 ዋት ነው። ብዙ ስለማይግልም በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ኮርቻ ሥር ሊቀመጥ ይችላል። ኤቢው ሙቀቱን ለማውጣት አየር ይፈልጋል፤ አየር የሚገባበት ሁሉ ደግሞ ውኃ ይገባበታል፤ ካምፓላ ደግሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከዚያም ከመስከረም ጀምሮ ዝናብ የሚያጥባት የሐይቅ ዳር ከተማ ናት። የስፒከሩም ቆብ ከወረቀት ይልቅ ፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል።

ሽቦው ላይ የሚሠራው ስሕተት ግን ከምርጫው ይብሳል፤ ሞተር ሊያቃጥል ይችላልና። ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚነሳው ሽቦ 1 ወይም 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ኖሮት፣ ገና ከባትሪው ሳይርቅ የ5 አምፔር ፊውዝ ይግባበት። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ አምፕሊፋየሩ አጠገብ ቢደረግ ከባትሪው እስከዚያ ያለው ሽቦ ሻሲውን ሲነካ የሚያስቆመው የለም። ኃይሉ በሪሌይ በኩል ከቁልፉ ጋር ይያያዝ፤ አለዚያ ተረስቶ ሲያድር ጠዋት ባትሪ አይኖርም። ማሳውን ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ከማሰር በቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ መውሰድ ይሻላል፤ ሞተሩ ሲፋጠን አብሮ የሚጨምር ፉጨት ከተሰማ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ደካማ ማሳ ነው፣ ወይም የድምፅ ሽቦው ከካንዴላው መስመር ጋር ተጠግቶ መሄዱ። ብዙ ሠራተኞች የሚስቱት አንድ ነገር አለ፤ በእነዚህ አምፕሊፋየሮች ውስጥ የስፒከሩ ሁለቱም ሽቦዎች ኃይል አላቸው። ሽቦ ለመቆጠብ የስፒከሩን ኔጋቲቭ ሻሲ ላይ ማሰር አምፕሊፋየሩን ወዲያው ሊገድለው ይችላል። መሪው በሚዞርበት ቦታ ሽቦው ላላ ይበል፤ ከማርሚታውም ይራቅ፤ መገጣጠሚያውም በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎ አይተው።

‹‹ደንበኛ የሚስበው ጩኸት ነው›› የሚለው ክርክር ከሁሉም ይከብዳል፤ ለሹፌሩ ገበያው ነውና። ግን የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንዱ መለኪያ እንደሚለው 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይፈቀዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው ይገመሳል፤ 94 ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ይቀራል። ደንበኛው በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል፤ ሹፌሩ እስከ ማታ እዚያው ነው። የኋላውን ክላክስም መስማት አለበት። ኡጋንዳም ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የድምፅ ብክለትን የሚገዛ ደንብ አላት።

እንደ ዜምቦና ጎጎ ያሉ ኩባንያዎች ለገበያ ባቀረቧቸው የኤሌክትሪክ ሞተሮች ላይ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። ማግኔቶ የለም፤ የእንዲህ ዓይነት ሞተሮች ባትሪ በአብዛኛው 60 ወይም 72 ቮልት ነው፤ ለመብራትና ለክላክስ ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር አለ። አምፕሊፋየሩ መያዝ ያለበት ከዚያ ኮንቨርተር ነው፤ እሱም ስንት አምፔር እንደሚችል ታይቶ። ባትሪውን ከፍቶ ከመሃል 12 ቮልት መቀንጠብ የባትሪውን ሚዛን ያዛባል፤ በየጣቢያው የሚቀያየር ስለሆነም ባትሪው የሹፌሩ ንብረት አይደለም።